በርሜሉ ሲቀለን ሥራው ቆሞ ነበር



በዚህ ሳምንት ስለ አንድ ወፍጮ እንጽፍላችኋለን። ወፍጮው እህል አይፈጭም። ድንጋይ ይፈጫል። የምንጽፈው ከሰው የሰማነውን አይደለም። ራሳችን ሠርተን፣ ራሳችን ተሳስተን፣ ራሳችን አርመን ያገኘነውን ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ቁጥር ስታገኙ ቆም ብላችሁ አስሉት።

ባቄላው ለምን ቀጨጨ?

የምንኖረው በአገው ምድር፣ ከእንጅባራ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። አገሩ ደጋ ነው። ዝናቡ ብዙ ነው። አፈሩ ቀይ ነው። አባቶቻችን በዚህ አፈር ገብስና ባቄላ እያመረቱ ኖረዋል። እየቆየ ግን ምርቱ ቀነሰ። ገብሱ ገና በቡቃያው ቢጫ ይሆን ጀመር። ባቄላው ከጉልበት ሳያልፍ ቀጨጨ። ማዳበሪያ ጨመርን፤ ለውጥ አላየንም።

ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ማሳቸውን ለዲከረንስ ዛፍ ለቀቁ። ዛፉን ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ። ከሰል ገንዘብ ያመጣል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ከሰል ሽሮ አይሆንም። ባቄላ ከገበያ እየገዛን እስከ መቼ እንኖራለን? ይህ ነበር ጭንቀታችን።

በ2011 ዓ.ም. የግብርና ባለሙያ ከጓሯችን አፈር ወስዶ አስመረመረ። መልሱ ሲመጣ «አፈራችሁ አሲዳማ ነው። ኖራ ይፈልጋል» አለን።

«ኖራ? ግድግዳ የሚቀባው ነው እንዴ?» ብለን ጠየቅነው።

«ግድግዳ የሚቀባው በእሳት የተቃጠለው ነው። እሱ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ለአፈራችሁ ያልተቃጠለው የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ ይበቃል» ሲል መለሰልን።

በዚያ ዓመት የተፈጨ ኖራ በአካባቢያችን አላገኘንም። የኖራ ድንጋይ ግን አገራችን አላት። በዓባይ በረሃ በደጀን በኩል፣ በሙገር፣ በመቀሌና በድሬዳዋ አካባቢ ብዙ አለ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከደጀን በኩል ሁለት ጆንያ ድንጋይ አመጣልን። ድንጋዩ መጣ። ታዲያ ማን ይፍጨው?

ኮምጣጣ አፈር ማለት ምንድን ነው?

አሲድ ማለት እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ ነገር ነው። አፈር እንዴት ይኮመጥጣል? ብዙ ዝናብ አፈሩን ለብዙ ዘመን ሲያጥበው ካልሲየም የተባለውን ንጥረ ነገር ጠርጎ ይወስዳል። ሰብሉን አጭደን ወደ ቤት ስንወስድም ንጥረ ነገሩ አብሮ ይሄዳል። እንደ ዩሪያ ያለ ማዳበሪያም ለብዙ ዓመት ሲደጋገም አፈሩን እያኮመጠጠ ይሄዳል።

አፈሩ በጣም ሲኮመጥጥ በውስጡ ያለው አልሙኒየም ይሟሟል። የተሟሟው አልሙኒየም የሥሩን ጫፍ ይጎዳል። ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ፎስፈረስ የተባለው የሰብል ምግብም በአፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል። ስለዚህ ማዳበሪያ ብንጨምርም ሰብሉ በደንብ አያገኘውም። ማዕዱ ቀርቦ አፍ እንደ መታሰር ነው።

ኖራ ይህን ኮምጣጣነት ያጠፋል። በዓይናችን ለማየት ሎሚ ቆረጥን። ጭማቂውን በጥቂት የኖራ ድንጋይ ዱቄት ላይ ጠብ አደረግን። አረፋ አወጣ። አሲዱና ኖራው ተገናኝተው አየር መሰል ጋዝ እየወጣ ነው ማለት ነው። ጭማቂውን በወንዝ ጥቁር ድንጋይ ላይ ጠብ ስናደርግ ግን ምንም አረፋ አልታየም። እናንተም ድንጋያችሁ የኖራ ድንጋይ መሆኑን በዚህ መንገድ ልታውቁ ትችላላችሁ።

ለምን መላም አለበት?

ሙሉውን ድንጋይ ሎሚ ውስጥ ብትከቱት አሲዱ የሚነካው ላይ ላዩን ብቻ ነው። ውስጡ እንደ ነበረ ይቀራል። ድንጋዩ ዱቄት ሲሆን ግን አሲዱ ሁሉንም ቅንጣት ይነካል። በአፈር ውስጥም እንዲሁ ነው።

መጠኑን በጤፍ እንለካው። የጤፍ ፍሬ ርዝመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኖራ ቶሎ ሥራውን እንዲሠራ ቅንጣቱ ከሩብ ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት። አንዲትን የጤፍ ፍሬ 4 ቦታ ቆራርጣችሁ አስቡት። ቅንጣቱ ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ኖራማ ለብዙ ዓመት ጠጠር ሆኖ ይቀመጣል። ድካሙ ከንቱ ነው።

በመጀመሪያ በሙቀጫ ወቀጥነው። ክንዳችን ዛለ። አቧራው ዓይንና ጉሮሮ ገባ። ከግማሽ ቀን በኋላ የተገኘው ጤፍ የሚያክል አሸዋ ነው። ከመካከላችን አንዱ በእጅ ወፍጮ እንሞክረው አለ። አንዲት አሮጊት እናት አሉን፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። እማማ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።

«በስንት ድካም ያስወቀርኩትን የእህል ወፍጮ በድንጋይ ልታበላሹት? አይደረግም!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። እህል የሚፈጭበት ላይ ድንጋይ አይፈጭም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ የሚፈጨው በትልቅ የብረት በርሜል ነው። በርሜሉ በጎኑ ተጋድሞ ይዞራል። በውስጡ የብረት ኳሶች አሉ። በርሜሉ ሲዞር ኳሶቹን ወደ ላይ ይዟቸው ይወጣል። ከላይ ሲደርሱ ተመልሰው ይወድቃሉ፤ ይንከባለላሉም። በመካከላቸው የገባውን ድንጋይ እየመቱና እያሹ ያልሙታል። መጅና ወፍጮ በአንድ ላይ፣ ሙቀጫና ዘነዘናም በአንድ ላይ እንደ ማለት ነው።

እኛም ትንሹን ልንሠራ ተነሣን። የብረት ኳስ የለንም። በእሱ ፋንታ ከወንዝ ድቡልቡል ጥቁር ድንጋይ ለቀምን።

በርሜሉ እንዴት ተሠራ?

መጀመሪያ ያገኘነው የቤንዚን በርሜል ነበር። ተሸክመን ብየዳ ቤት ወሰድነው። በያጁ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተና «ይህን ከዚህ አርቁልኝ!» አለን። ባዶ መሆኑን ነገርነው። «ባዶው ነው የሚያስፈራው። ቤንዚኑ ቢያልቅም ትነቱ በውስጡ አለ። እሳት ሲነካው ይፈነዳል። እኔንም እናንተንም ይገድላል» አለ። ደነገጥን። በርሜሉን መለስን። ይህ በያጅ ሕይወታችንን እንዳተረፈ እንቆጥረዋለን።

የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜልም አይሆንም። መርዙ በኖራው አድርጎ ወደ ጎመኑና ወደ ባቄላው ይሄዳል።

በመጨረሻ ከቁርጥራጭ ብረት ሻጭ ወፍራም የብረት ቱቦ ገዛን። ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ የብረቱ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ነው። በያጁ ሁለቱን አፎች በላሜራ ዘጋቸው። በአንደኛው በኩል እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ተወ። ለቀዳዳው ክዳን ሠራ። ክዳኑ በ4 ብሎን ይታሰራል። ዱቄቱ እንዳይወጣ ከክዳኑ ሥር የመኪና ካላማዳሪያ ቆርጠን አደረግን።

ከሁለቱም ጫፍ የብረት ዘንግ ተበየደ። ዘንጉ የሚዞረው በሁለት የወይራ እንጨት ላይ ነው። እንጨቶቹን በስተን ግራሶ ቀባናቸው። ኩሽኔታ ያገኘ ሰው ኩሽኔታ ቢያደርግ ይሻላል። ሁሉም በጠንካራ የእንጨት ቋሚ ላይ ተቀመጠ።

የሚያዞረው የሰው እግር ነው። ከአሮጌ ብስክሌት ፔዳሉን፣ ሰንሰለቱንና ጥርስ ያላቸውን ክብ ብረቶች ወሰድን። ትልቁ ባለ ጥርስ ከፔዳሉ ጋር ነው። 44 ጥርስ አለው። ትንሹን በበርሜሉ ዘንግ ላይ አስበየድነው። 22 ጥርስ አለው። እንግዲህ አስሉት፤ 44 ለ22 ሲካፈል 2 ነው። ፔዳሉ 1 ጊዜ ሲዞር በርሜሉ 2 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በዚህ ደስ አለን። «በአንድ ድካም ሁለት ዙር!» አልን። ስህተታችን እዚህ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ

የወንዙን ድንጋይና የኖራውን ስብርባሪ በርሜሉ ውስጥ ጨመርን። ክዳኑን አሰርን። አንድ ጎረምሳ ፔዳሉ ላይ ወጣ። ሲጀምር ከብዶት አቃሰተ። እየፈጠነ ሲሄድ ግን በርሜሉ በድንገት ቀለለው። ጎረምሳው ሳቀ። እኛም አጨበጨብን። ግራሶው ሠራ አልን።

ለግማሽ ሰዓት እየተፈራረቅን አዞርን። ማንም አልደከመም። እማማ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እንዝርታቸውን አስቀምጠው ወደ እኛ አዩ።

«ልጆቼ፣ ወፍጯችሁ ለምን ዝም አለ?» አሉ።

«እማማ፣ ቀልሎት ነው እኮ» አልናቸው።

«እኔ ስልሳ ዓመት ፈጭቻለሁ። እህል ያለበት ወፍጮ ይናገራል። ዝም ያለ ወፍጮ ሥራ የለውም» አሉ።

በልባችን ሳቅንባቸው። ክዳኑን ፈታን። ወደ ውስጥ ስናይ ሳቃችን ጠፋ። የኖራው ስብርባሪ እንደ ገባ ነው። ሽምብራ የሚያክለው አሁንም ሽምብራ ያክላል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምንም አልተፈጨም።

የወንጭፉ ምስጢር

ምን ሆነ? ወንጭፍ የወነጨፈ ሰው ምስጢሩን ያውቀዋል። ድንጋይ በወንጭፍ አድርጋችሁ በፍጥነት ስታዞሩት ድንጋዩ አይወድቅም። ወንጭፉ ከራስ በላይ ሲያልፍ እንኳ አይወድቅም። ዙሩ ወደ ውጭ ስለሚገፋው ከወንጭፉ ጋር ተጣብቆ ይዞራል። ቀስ ብላችሁ ብታዞሩት ግን ይወድቃል።

በርሜሉም እንዲሁ ነው። በጣም ሲፈጥን ድንጋዮቹ ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ። ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አይወድቁም። ካልወደቁ አይመቱም። ካልመቱ አይፈጩም። በርሜሉ የቀለለንም ለዚህ ነው። ድንጋዮቹ በዙሪያው እኩል ተደርድረው ስለ ተጣበቁ የሚነሣ ሸክም አልነበረም። እኛ ሥራው የቀለለ መስሎን ነበር። ለካ ሥራው ቆሞ ኖሯል።

ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ በርሜል፣ እንቁላል የሚያክሉ ድንጋዮች በደቂቃ 85 ዙር ገደማ ሲደርሱ መጣበቅ ይጀምራሉ። ጎረምሳው በደቂቃ 45 ጊዜ ይረግጥ ነበር። 45 በ2 ሲባዛ 90 ነው። ከ85 አልፈናል!

ታዲያ ትክክለኛው ፍጥነት ስንት ነው? ከሚጣበቁበት ፍጥነት ከ100 እጅ 70 እጅ ገደማ ነው። የ85 ሰባ እጅ ወደ 60 ይጠጋል። ስለዚህ የእኛ በርሜል በደቂቃ 60 ጊዜ ይዙር። በየሰከንዱ አንድ ዙር ማለት ነው። በሰዓት ለመቁጠርም ይመቻል።

በርሜል ሲሰፋ ቀስ ማለት አለበት። በደብተራችን የጻፍነው እነሆ፦

ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በደቂቃ 75 ዙር።
ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በደቂቃ 60 ዙር።
ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በደቂቃ 50 ዙር።
ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በደቂቃ 40 ዙር።

ትንሹን ባለ ጥርስ ነቅለን በእሱ ፋንታ 44 ጥርስ ያለውን አደረግን። አሁን 44 ለ44 ነው። ፔዳሉ 1 ጊዜ ሲዞር በርሜሉም 1 ጊዜ ይዞራል። በርሜሉ ከበደን። ነገር ግን ተናገረ።

ሁለተኛው ስህተት

በ60 ዙር 1 ሰዓት አዞርን። ጥቂት ዱቄት አገኘን፤ ብዙ አይደለም። ድምፁን በጥሞና ስንሰማ «ሸሸሸ» ይላል። ጠጠር በአካፋ ላይ ሲንሸራተት የሚሰማው ዓይነት ነው። የቱቦው ውስጥ ልሙጥ ነው። ድንጋዮቹ ከታች ሆነው ይንሸራተታሉ እንጂ ወደ ላይ አይወጡም።

በያጁ በውስጥ በኩል በበርሜሉ ርዝመት ልክ 4 ቀጫጭን ብረቶችን በየድ አደረገ። የእያንዳንዱ ከፍታ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። እነዚህ ብረቶች ድንጋዮቹን እንደ ደረጃ ይዘዋቸው ይወጣሉ። ድምፁ ወዲያው ተለወጠ። በቆርቆሮ ቤት ላይ በረዶ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ሆነ። ሳያቋርጥ ያጉረመርማል። እማማም «አሁን ፈጨ» አሉ።

ስለዚህ በጆሯችሁ ለዩት፦

«ሸሸሸ» ካለ ድንጋዩ እየተንሸራተተ ነው። ወይ ፍጥነቱ አንሷል፤ ወይ ማንሻ ብረት የለውም።
ሳያቋርጥ እንደ በረዶ ካጉረመረመ በደንብ እየፈጨ ነው።
ብረት በድንጋይ ሲመታ «ቃ ቃ ቃ» ካለ ኖራው አንሷል። ድንጋዩ በርሜሉን እየመታ ነው።
ድምፁ ከታፈነ ኖራው በዝቷል።
ዝም ካለና ከቀለለ ፍጥነቱ በዝቷል።

ምን ያህል ድንጋይ፣ ምን ያህል ኖራ?

የወንዙ ድንጋይ ጠንካራ መሆን አለበት። ሁለቱን እርስ በርስ አጋጩአቸው። የሚፈረፈረውን ጣሉት። የሎሚ ጭማቂ ጠብ ሲደረግበት አረፋ የሚያወጣውንም ጣሉት። ሁሉም አንድ ልክ አይሁን። እኛ 2 እጅ እንቁላል የሚያክል፣ 1 እጅ የሾላ ፍሬ የሚያክል አደረግን። ትልልቁ ይሰብራል። ትንንሹ በመካከል እየገባ ያልማል።

የድንጋዩ ብዛት የበርሜሉን አንድ ሦስተኛ ይሙላ። ለእኛ 15 ኪሎ ገደማ ሆነ። በርሜሉ እስከ ግማሽ ቢሞላም ይፈጫል። ነገር ግን ለሰው እግር ይከብዳል። ከግማሽ በላይ ከሞላ ደግሞ የሚወድቁበት ቦታ ያጣሉ።

ኖራውን አስቀድማችሁ በመዶሻ ሽምብራ እስኪያክል ስበሩት። በፀሐይ አድርቁት። ጥቂት እርጥበት ካለው በግድግዳው ላይ እንደ ጭቃ ይለጠፋል። አንድ ጊዜ ሳናደርቅ ጨምረን ግማሽ ቀን በቢላዋ ስንፍቅ ውለናል። የኖራው መጠን በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ እስኪሞላ ድረስ ነው። ለእኛ 4 ኪሎ ይበቃል።

ደብተሩ ምን ይላል?

ከመካከላችን አንዱ በዚያው ዓመት ማንበብና መጻፍ የተማረ ገበሬ ነው። ደብተሩን የያዘው እሱ ነው። በየሙከራው ማብቂያ ከዱቄቱ 10 ስኒ ሰፍረን በጥብቅ የዱቄት ወንፊት እንነፋለን። ከ10 ስኒ ስንቱ አለፈ? እሱን ይጽፋል።

90 ዙር፣ ግማሽ ሰዓት፦ ምንም።
40 ዙር፣ 1 ሰዓት፦ 2 ስኒ።
60 ዙር፣ ማንሻ ብረት ሳይኖር፣ 1 ሰዓት፦ 3 ስኒ።
60 ዙር፣ ከማንሻ ብረት ጋር፣ 1 ሰዓት፦ 5 ስኒ።
60 ዙር፣ ከማንሻ ብረት ጋር፣ 3 ሰዓት፦ 9 ስኒ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ40 ዙሩ ሙከራ በኋላ በእያንዳንዱ ጊዜ የለወጥነው አንዱን ብቻ ነው። ፍጥነቱንም፣ ድንጋዩንም፣ ሰዓቱንም በአንድ ጊዜ ብንለውጥ ኖሮ የትኛው እንደረዳን አናውቅም ነበር። በቃል ብንይዘው ኖሮም በሳምንቱ እንከራከርበት ነበር። ደብተሩ ክርክሩን አስቀረ።

በወንፊት ያለፈውን በሁለት ጣቶቻችሁ እሹት። አሸዋ አሸዋ ካለ ገና ነው። እንደ ጤፍ ዱቄት ከለሰለሰ ደርሷል። ወንፊቱ ለዚህ ሥራ ብቻ ይሁን። ወደ እህል አይመለስ።

ተጠንቀቁ!

ክዳኑን እንደ ቆመ አትክፈቱ። አቧራው እስኪረጋ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። የድንጋይ ብናኝ ሳንባን ይጎዳል። አፍንጫና አፋችሁን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ነፋሱ ከኋላችሁ ይሁን። ሕፃናት አይጠጉ።

ሰንሰለቱን በእንጨት ወይም በቆርቆሮ ከልሉት። ነጠላና ሰፊ ልብስ በሰንሰለት ይያዛል። ሴቶች መቀነታቸውን፣ ወንዶች ጋቢያቸውን አስቀምጠው ይሥሩ።

በርሜሉ ውስጥ ከኖራ ድንጋይ በቀር ምንም አትጨምሩ። ከሰል፣ ድኝ፣ ማዳበሪያ ወይም ሌላ የሚቀጣጠል ነገር አይፈጭበት። ድንጋይና ብረት ሲጋጩ እሳት ይፈጥራሉ። የሚቀጣጠል ነገር በተዘጋ በርሜል ውስጥ ቢገኝ ይፈነዳል።

ለስንት ማሳ ይበቃል?

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ለአፈራችን የታዘዘው ኖራ በሄክታር 20 ኩንታል ነው። 20 ኩንታል 2000 ኪሎ ነው። አንድ ሄክታር 10000 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ ለ1 ካሬ ሜትር 200 ግራም ይደርሳል።

የጓሮ መደባችን ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር ነው። 5 በ4 ሲባዛ 20 ካሬ ሜትር ነው። 20 በ200 ግራም 4000 ግራም ይሆናል። ይህም 4 ኪሎ ነው። የበርሜላችን አንድ ሙሌት! በ3 ሰዓት አንድ መደብ ማለት ነው።

አንድ ሄክታርስ? 2000 ለ4 ሲካፈል 500 ሙሌት ነው። 500 በ3 ሰዓት 1500 ሰዓት ነው። ይህ የሰው ሥራ አይደለም። ለማሳ ከፋብሪካ የተፈጨውን ኖራ ማግኘት ይሻላል። በየአካባቢያችሁ ተደራጅታችሁ ጠይቁ። የእኛ በርሜል የጓሮ ወፍጮ ነው። ለባቄላ መደብ፣ ለጎመንና ለችግኝ ቦታ ይበቃል። ከዚህ የበለጠ ይሠራል ብለን አንዋሽም።

ደግሞም የእኛን ልክ እንዳለ አትውሰዱ። የየአፈሩ ልክ ይለያያል። ኖራ ሲበዛም ሰብልን ይጎዳል። አስቀድማችሁ አፈሩን አስመርምሩ።

ሦስቱ መደቦች

እኛ ገበሬዎች ነን። ካላየን አናምንም። ስለዚህ ሦስት እኩል መደቦች አዘጋጀን። በመጀመሪያው ኖራ አላደረግንም። በሁለተኛው በሙቀጫ የተወቀጠውን፣ ጤፍ የሚያክለውን 4 ኪሎ አደረግን። በሦስተኛው በበርሜሉ የላመውን 4 ኪሎ አደረግን። በሚያዝያ ወር በትነን ከአፈሩ ጋር በደንብ ቆፍረን ቀላቀልነው። ኖራ ከመዘራቱ በፊት ቢያንስ አንድ ወር መቅደም አለበት። ኖራ ማዳበሪያ ስላልሆነ ለሦስቱም እኩል ፍግ ጨመርን። በሰኔ ባቄላ ዘራን።

በነሐሴ ልዩነቱ ታየ። በመጀመሪያው መደብ ባቄላው እንደ ልማዱ ቀጨጨ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም። ሦስተኛው ከወገብ ደረሰ። አንዱን ነቅለን ሥሩን አየን። ረጅምና ቀጫጭን ሆኗል። ታች ድረስ ወርዷል።

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ሰበሰብን። ከመጀመሪያው 2 ጣሳ አገኘን። ከሁለተኛው 2 ጣሳ ተኩል። ከሦስተኛው 4 ጣሳ። ደብተሩን የያዘው ወንድማችን ሦስቱንም ቁጥር ጻፈ። ከሥሩ አሰመረበት።

ልብ በሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው መደብ ያገኙት ኖራ ድንጋዩ አንድ ነው፤ ክብደቱም አንድ ነው። ልዩነቱ መላሙ ብቻ ነው። መላሙ ደግሞ የመጣው ከጉልበት ብዛት አይደለም። ቆጥሮ ከማዞር ነው። ጎረምሳው በ90 ሲያዞር ብዙ ፈጠነ፤ ምንም አልፈጨም። በ60 ሲያዞር ከበደው፤ ግን ፈጨ።

እማማ ከ4ቱ ጣሳ አንዱን ወሰዱ። ክክ ከክተው ሽሮ አዘጋጁ። በዚያ ምሽት ከጓሯችን በወጣ ባቄላ በላን። ከስንት ዓመት በኋላ ነው! እማማ ሲያጎርሱን እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ፣ ከእንግዲህ ሥራ በድንገት ሲቀላችሁ አትሳቁ። መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቱና እዩ።»

እኛም ይህን ቃል በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍነው።

ተወያዩበት

1. በርሜሉ በጣም ሲፈጥን ለምን አይፈጭም? በወንጭፍ አስረዱ።
2. የእናንተ በርሜል ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዙር?
3. መደባችሁ 6 ሜትር በ5 ሜትር ቢሆን፣ ለ1 ካሬ ሜትር 200 ግራም ቢታዘዝ፣ ስንት ኪሎ ኖራ ያስፈልጋል?
4. በያጁ የቤንዚኑን በርሜል ለምን እምቢ አለ? በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ በርሜል የሚያስበይድ ሰው ካለ ይህን አንብቡለት።